ስለ ሕፃናት የሳንባ ሕመምና ስለ ሰውነት ተከላካይ ኃይል

ባለፈው ዓመት የመስቀል በዓል ሰሞን፥ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፥ አንዲት አሮጊት የአምስት ወር የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ከቡታጅራ አቅራቢያ ካለ ገጠር ወደ ሕክምናው ቤት ይዘውት መጡ። እናቲቱ ከኋላቸው ትከተላለች፤ ሰባት ዓመት የሚሆነው ታላቅ ወንድሙም የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ነበር። ሕፃኑ አየር በሳበ ቁጥር ከጎድን አጥንቶቹ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል፤ ጡት ሲሰጠው ሁለት ጊዜ ስቦ ይተዋል። ኦክሲጅን ተደርጎለት ትንፋሹ ጥቂት ረገብ ካለ በኋላ አሮጊቷ ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ ታላቅየውን ባለፈው ሳምንት ያው ጉንፋን ይዞት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ከጓደኞቹ ጋር ችቦ ሲያበራ አመሸ። ታናሽየውን ምን ቢያገኘው ነው እንዲህ የጣለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በውጭ አገር በተማርኩባቸው ዓመታት መምህራኖቼ ብዙ ጥያቄ አቅርበውልኛል፤ ከዚህ የጠለቀ ግን አልገጠመኝም። በዚያች ሌሊት «እናቴ፥ የታናሽየው ሠራዊት ገና ሥልጠና አልጨረሰም» ብቻ አልኳቸው። መልሱ ውሸት ባይሆንም ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ ለመናገርም ለመስማትም የሚያስቸግር ነው፤ ይኸውም ሕፃኑን ከሚያስጨንቀው ነገር ከፊሉን የሚያደርሰው ቫይረሱ ሳይሆን ለመከላከል የወጣው የራሱ ሰውነት መሆኑ ነው። ይህን ሁለተኛ ግማሽ ለመምህራንና ለከተማችን አንባቢያን ዘርዘር አድርጎ ማቅረብ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ቫይረስ ማለት በተራው ማይክሮስኮፕ የማይታይ፥ ብቻውን ሊራባ የማይችል፥ ሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ያን ሕዋስ የራሱ መባዣ ፋብሪካ የሚያደርግ እጅግ ረቂቅ ነገር ነው። የመተንፈሻ አካላትን የሚያጠቁት ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ ኢንፍሉዌንዛ አለ፥ የኩፍኝ ቫይረስ አለ፥ በቅርቡ ዓለምን ያናወጠው የኮሮና ቫይረስም አለ። ጨቅላ ሕፃናትን በማስጨነቅ ረገድ ግን ሬስፒራቶሪ ሲንሲሺያል ቫይረስ የተባለውን፥ በአጭሩ አር-ኤስ-ቪ የሚሉትን የሚስተካከል የለም። ይህ ቫይረስ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ጉንፋን ከያዛቸው ቺምፓንዚዎች ነው፤ ብዙም ሳይቆይ በሕፃናት ላይ ተገኘ። ሁለተኛ ዓመቱን እስኪደፍን በዚህ ቫይረስ ሳይያዝ የሚቀር ልጅ ከስንት አንድ ነው። በሳይንስ ሊቃውንት ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ሞተዋል፤ ከሟቾቹም ከመቶ 97 ያህሉ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት ውጤቱ የታተመ፥ በአፍሪካና በእስያ 7 አገሮች የተካሄደ ታላቅ ጥናትም ሆስፒታል ከሚያስተኛው የሕፃናት ብርቱ የሳንባ ምች ከግማሽ የሚበልጠው የቫይረስ ሥራ እንደሆነና ከሁሉም አር-ኤስ-ቪ ቀዳሚ መሆኑን አረጋግጧል።

ወደ አሮጊቷ ጥያቄ እንመለስ። የመጀመሪያው ምክንያት የሕፃኑ የአየር ቧንቧ ጥበት ነው። ሳንባ ውስጥ ያሉት የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቧንቧዎች በአምስት ወር ሕፃን ዘንድ ከክር ጥቂት ቢወፍሩ ነው። የቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ በውስጡ የሚያልፈው አየር የሚያጋጥመው እንቅፋት በእጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ይጨምራል። የሳይንስ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ለማሳየት ቢፈልጉ ብዙ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ተማሪ በመጀመሪያ በወፍራም ሸምበቆ፥ ቀጥሎ በቀጭን ሰንበሌጥ ጥቂት ጊዜ ይተንፍስ። ልጁ ራሱ ሳይነገረው ያስተውለዋል። ስለዚህ በታላቅየው ልጅ ዘንድ ንፍጥና ሳል ብቻ የሚያመጣው እብጠት በታናሽየው ዘንድ መንገዱን ፈጽሞ ይዘጋል።

እብጠቱስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው የሰውነት ተከላካይ ኃይል ነገር የሚገባው። ቫይረስ ወደ አንድ ሕዋስ በገባ ጊዜ ያ ሕዋስ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ጩኸት ያሰማል። ጩኸቱ ኢንተርፌሮን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ብሪታንያዊው አሊክ አይዛክስና ስዊሳዊው ዣን ሊንደንማን ለንደን ውስጥ ያገኙት ነው። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤት ሕዋሳት በራቸውን ይዘጋሉ፤ ቫይረሱ ቢገባባቸው እንኳ እንዳይራባ ይሰናዳሉ። ይህ ማንቂያ በጊዜው ከተሰማ ጠላት በአፍንጫና በጉሮሮ ተይዞ ይቀራል፤ ጉንፋን ብቻ ሆኖ ያልፋል። ማንቂያው ከዘገየ ግን ቫይረሱ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ዘግይተው የደረሱት ነጭ የደም ሕዋሳትም እጅግ የበዛ ጠላት ስለሚያገኙ በብዛት ይጎርፋሉ።

ከእነዚህ ነጭ ሕዋሳት መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት ፈጥነው የሚደርሱ፥ ነገር ግን ለይተው መምታት የማያውቁ ናቸው። በታመሙ ሕፃናት የአየር ቧንቧ ፈሳሽ ውስጥ በብዛት የሚገኙት እነርሱው ናቸው። የያዙትን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ሲረጩ ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን የቧንቧውንም ሽፋን ያቆስላሉ፤ ሲሞቱም ሬሳቸው ከንፍጥና ከተላጠው ሽፋን ጋር ተቀላቅሎ ቀጭኑን ቧንቧ እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። ሌባ ለመያዝ የመጣ የመንደር ሰው የጎረቤቱን አጥርና ጓሮ ረግጦ እንደሚያበላሽ ያለ ነው። ሳንባው ሲር ሲር የሚለው፥ ደረቱ የሚሰረጉደው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሞች ይህን ሕመም ብሮንኪዮላይትስ ይሉታል።

እንግዲህ ብርቱ ሕመም በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ወይ ተከላካዩ ዘግይቶ፥ ወይ ተከላካዩ በዝቶ። ብዙ ጊዜም ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ የዘገየው ነው የሚበዛው። ማንቂያው በውርስ ጉድለት ጭራሽ የማይሰማባቸው ጥቂት ልጆችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተራ ኢንፍሉዌንዛ ለሞት ያቃረባት አንዲት ሕፃን ከእናቷም ከአባቷም አንድ አንድ የተበላሸ የዘር መመሪያ ወርሳ ኢንተርፌሮን በበቂ ማውጣት እንዳልቻለች ሳይንቲስቶች ደርሰውበታል። በአንጻሩ የኮሮና ቫይረስ በመጣ ጊዜ ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ቀለል ብሏቸው እንዳለፈ ሁላችን አይተናል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የልጆች አፍንጫ ሕዋሳት ማንቂያውን አስቀድመው አሰናድተው መገኘታቸው ነበር። ስለዚህ «የሕፃን ሰውነት ደካማ ነው» ብሎ በጅምላ መናገር ትክክል አይደለም፤ ለየትኛው ጠላት፥ በስንት ወሩ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የዚህን ነገር ክብደት ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በፎርማሊን ከተገደለ ቫይረስ የተሠራ የአር-ኤስ-ቪ ክትባት ለሕፃናት ተሰጠ። ክትባቱ አንቲቦዲ የተባሉትን የደም ተከላካዮች አስነሣ፤ ሁሉም መልካም መሰለ። ወራቱ ደርሶ ቫይረሱ በገባ ጊዜ ግን ከአንደኛው የተከታቢዎች ቡድን ከተያዙት 20 ሕፃናት 16ቱ ሆስፒታል ተኙ፤ ሁለት ሕፃናትም ሞቱ። ሌላ ክትባት ከወሰዱት ማነጻጸሪያ ሕፃናት ደግሞ 21 ሲያዙ ሆስፒታል የገባው አንድ ብቻ ነበር። ኋላ እንደታወቀው ፎርማሊኑ የቫይረሱን ቅርጽ ለውጦት ስለነበር የተነሡት አንቲቦዲዎች ቫይረሱን ይይዙታል እንጂ አያከሽፉትም፤ በላዩም ላይ የተሳሳተ ዓይነት ነጭ ሕዋስ ወደ ሳንባ ይጠራሉ። ብዙ አንቲቦዲ መኖሩ ብቻ ጥበቃ አይደለም፤ ትክክለኛው ሊሆን ይገባል። ከዚህ አደጋ በኋላ የምርምሩ ሥራ ለአሥርት ዓመታት ተጓተተ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የቫይረሱ መግቢያ ቁልፍ የሆነው ፕሮቲን ሕዋስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለው ትክክለኛ ቅርጽ ሲታወቅ መንገዱ ተከፈተ። በዚህ ዕውቀት የተሠራና ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጥ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቀደ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 አገሮች ሁሉ ይህን የእናቶች ክትባት ወይም ለሕፃኑ በቀጥታ የሚሰጠውን የተዘጋጀ አንቲቦዲ ሥራ ላይ እንዲያውሉ መክሯል።

አንድ ብልህ አንባቢ፥ «ጉዳቱ ከራሱ ሠራዊት ከሆነ ሠራዊቱን በመድኃኒት ማስታገስ አይሻልምን?» ሳይል አይቀርም። ተሞክሯል። ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፥ ለምሳሌ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን፥ በጉሮሮ እብጠት ለሚያንቀው ክሩፕ ለሚባል ሕመም በእርግጥ ይጠቅማሉ። በብሮንኪዮላይትስ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ 600 ሕፃናትን ያካተተው ጥናት ሆስፒታል መተኛትን እንዳላስቀረ አሳይቷል። ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ አባት ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዛውን የዚህ ዓይነት ሽሮፕ ለአራት ቀን ሲያጠጣ ቆይቶ፥ ልጁ ትኩሳቱ ስለጠፋ ዳነ ብሎ ሲጠብቅ፥ የልጁ ሳንባ በባክቴሪያ ተሞልቶ አምጥቶልኛል። ትኩሳቱን ያጠፋው መዳን አልነበረም፤ የማንቂያው መዘጋት ነበር።

አሁን ደግሞ የሕፃኑ ሠራዊት ለምን ገና እንዳልሠለጠነ እንይ። ጽንስ ዘጠኝ ወር የሚኖረው ከእርሱ ሌላ በሆነ ሰውነት ውስጥ ነው፤ እናቱን እንደ ባዕድ ቢዋጋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ ተፈጥሮ የሕፃኑን መከላከያ አለዝባ ትጠብቀዋለች፤ ከተወለደም በኋላ ይህ ልዝብነት ወዲያው አይጠፋም። ጉድለቱን የምትሞላው እናት ናት። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት በእንግዴ ልጁ በኩል የራሷን አንቲቦዲ ታሻግርለታለች፤ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ይህን ስንቅ ሳይቀበል ስለሚወጣ ነው። ስንቁም ቢሆን በየወሩ ይቀንሳል። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር የእናቱ ሲያልቅበት የራሱ ገና አልደረሰለትም፤ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ የነበረው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ሁለተኛው የእናት ስንቅ እንገር ነው። በጉራጌ ምድር ከብት የማያውቅ ሰው ስለሌለ ነገሩን ከጥጃ ብጀምር ይሻላል። የላም እንግዴ ልጅ አንቲቦዲ ወደ ጽንሱ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ጥጃ ባዶ እጁን ይወለዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠባ ዕድሜው አጭር ነው። ይህን ማንም ባለ ከብት ያውቀዋል፤ እንገሩንም ከጥጃው አይነፍግም። ለገዛ ልጁ ሲሆን ግን ቢጫ ስለሆነ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ሲደፋ፥ በምትኩም ለአራሱ ቅቤ ሲያውጡት ብዙ ቤት አይቻለሁ። በእናት እንገር ውስጥ ያለው አንቲቦዲ በሕፃኑ ጉሮሮና አንጀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዘብ የሚቆም ነው። ቅቤ ደግሞ መዋጥ ያልለመደ አራስ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ቢገባ በቀላሉ የማይወጣ፥ ሳንባን የሚያስቆጣ ቅባት ነው። በሳል ምክንያት እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው፤ ቫይረሱ ባለበት ይቀራል፤ ንጹሕ ያልሆነ ምላጭ ግን ባክቴሪያን በቀጥታ ወደ ደም ያስገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር በአገራችን ሐኪሞች የተመረመረ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ዶክተር ሉሉ ሙሔና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት፥ ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ከታመሙት 500 መካከል 210ሩ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት መካከል ግን 20 ብቻ። የቤተሰብ ብዛትና ሌሎች ምክንያቶች ተሰልተው ከወጡ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ባለበት ሕፃን ዘንድ የሳንባ ምች አደጋው 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

ሪኬትስ የሚመጣው በብዛት ከፀሐይ ጨረር በቆዳችን ላይ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ሲጎድል ነው። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት በምትባል አገር ሕፃናት በፀሐይ እጦት አጥንታቸው መልፈስፈሱ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱ ግን ከእኛው ቋንቋ ውስጥ ይገኛል። ሕዝባችን «ምች» የሚለው ድንገተኛ ሕመም በፀሐይ የሚመጣ ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ሕፃኑን ጠቅልሎ ከጨለማ ጓዳ ያስተኛዋል፤ በዚያም ላይ የዓይነ ጥላና የቡዳ ፍርሃት ይታከልበታል። እኛ ሐኪሞች ደግሞ ኒሞኒያን «የሳንባ ምች» ብለን ተረጎምነው! አንዲት እናት የሳንባ ምች ይዞታል ስትባል፥ «አዬ፥ ፀሐይ መትቶት ነው» ብላ በሁለተኛ ጋቢ ብትጠቀልለው ስሕተቱ ከእርሷ ብቻ አይደለም። በእኔ አስተያየት ስሙን ያወጣው ሰው ብዙ አላሰበበትም።

የቫይታሚን ዲ ጉድለት ሳንባን የሚጎዳው በሁለት በኩል ነው። በመጀመሪያ የጎድን አጥንት ሲለሰልስና ጡንቻ ሲደክም ሕፃኑ በኃይል መተንፈስና አክታውን ማስወጣት ያቅተዋል። ሁለተኛውም የመከላከያው ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደታወቀው ማክሮፌጅ የሚባሉት ተሐዋስያንን የሚውጡ ነጭ ሕዋሳት ካተሊሲዲን የተባለውን ገዳይ ንጥረ ነገር ለመሥራት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋቸዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የቫይታሚን ጠብታ ለሁሉም ልጅ መግዛት ይገባል ማለት አይደለም። በካቡል ከተማ 3 ሺህ ያህል ሕፃናት በተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት በየሦስት ወሩ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ዲ መስጠት የሳንባ ምችን አልቀነሰም። ለእኛ የሚሻለው ርካሹ መንገድ ነው፤ ሕፃኑ በማለዳ ፀሐይ ልብሱ ተገልጦ ለጥቂት ደቂቃ ይሙቅ። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ቫይታሚኑን አያሠራም።

ሌላው ጭስ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራ ዙሪያ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ የልደትና የሞት ምዝገባ የጀመረው ጣቢያ በብዙ አገር የሚታወቅ ሲሆን፥ በዚያው የተሠሩ ጥናቶች የመተንፈሻ አካላት ሕመምን ከሕፃናት ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች ተርታ አስቀምጠውታል። በዚሁ አካባቢ ከ3 ሺህ በላይ በሆኑ ቤቶች የተለካውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መጠንም የዓለም የጤና ድርጅት በዚያን ጊዜ ካወጣው ዓመታዊ ልክ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የአየር ቧንቧን ግድግዳ ያለበሱት እጅግ ጥቃቅን ፀጉሮች ቀንና ሌሊት አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉ ናቸው፤ ጭስ ያደነዝዛቸዋል፤ ማክሮፌጆችም ጥቀርሻ ውጠው ይደክማሉ። በመሀል እሳት ዙሪያ የተሠራው ክብ ቤታችን ያማረ ነው፤ ጥበቡንም አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ቆጮ ሲጋገርና ጎመን ሲቀቀል አራሱን ከእናቲቱ ጀርባ አዝሎ ማቆየት ከቫይረሱ በፊት ለቫይረሱ መንገድ መጥረግ ነው። እሳት ሲነድ አያት ወይም ጎረቤት ሕፃኑን ወደ ደጅ ይዛ ትውጣ።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ለብቻው አይበቃም። አይብ፥ ዕንቁላል፥ ባቄላ፥ በደንብ የተፈጨ ጎመን ይታከልበት። የተራበ ሕፃን ነጭ ሕዋሳቱ የሚሠለጥኑበት ታይመስ የተባለው ዕጢ ይኮማተራል። አሳሳቹም ነገር ይህ ነው፤ ሠራዊት ስለሌለው ትኩሳት አያወጣም፤ አያለቅስም፤ ሳሉም ትንሽ ነው። ወልቂጤ በሠራሁበት ጊዜ ከቀይ ትኩሳታም ሕፃን ይልቅ ይህን ዝምተኛውን ሕፃን እፈራው ነበር።

ኩፍኝ ደግሞ የተለየ ክፋት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ያልተከተቡ ሕፃናት ኩፍኝ ከያዛቸው በኋላ ቀድሞ ከነበራቸው የአንቲቦዲ ዓይነት ከመቶ 11 እስከ 73 ያህሉን አጥተው ተገኝተዋል። በሽታው የሰውነትን ትዝታ ይሰርዛል፤ ልጁ ከዚህ በፊት ያሸነፈውን ጠላት ሁሉ እንደ አዲስ ይገጥማል። ለዚህ ነው ኩፍኝ ከለቀቀ በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሳንባ ምች የሚከተለው። ቫይረስ ባቆሰለው ሳንባ ላይ ተከትለው ከሚገቡት ባክቴሪያዎች ዋናዎቹን የሚከላከሉ ክትባቶችም በአገራችን አሉ፤ የሂብ ክትባት በ1999 ዓ.ም.፥ የኒሞኮካል ክትባት በ2004 ዓ.ም. ለሕፃናት መሰጠት ጀምረዋል። አሞክሲሲሊን ለእነዚህ ባክቴሪያዎች መድኃኒት ነው፤ ቫይረስን አይነካም። ካለፈው ሕመም የተረፈውን ማስጠጣት ባክቴሪያውን መድኃኒት ከማስለመድ በቀር ፋይዳ የለውም።

የአሮጊቷን የልጅ ልጅ ያዳነው መድኃኒት አልነበረም። አራት ቀን ኦክሲጅን አገኘ፤ ጡት መጥባት ስላልቻለ የእናቱ ወተት እየታለበ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ተሰጠው፤ አፍንጫው ይጸዳለት ነበር። በአምስተኛው ቀን ራሱ መጥባት ጀመረ። የሠራዊቱን ውጊያ ልናቆምለት አንችልም፤ ውጊያው እስኪያልቅ ግን አየርና ምግብ ልናቀርብለት እንችላለን።

ቫይረሱን ወደ ቤት ያስገባው ታላቅየው ሳይሆን አይቀርም። በጎረቤታችን በኬንያ፥ በኪሊፊ አካባቢ በየቤቱ የተደረገ ክትትል አር-ኤስ-ቪን ወደ ጨቅላው የሚያደርሱት በአብዛኛው ትምህርት ቤት የሚውሉ ታላላቅ ልጆች እንደሆኑ አሳይቷል። እዚህ ላይ መምህራን ከእኛ ከሐኪሞች የበለጠ ሥልጣን አላችሁ። ንፍጥ ያለበት ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ታናሹን እንዳያቅፍ፥ ሲያስለውም በክንዱ እጥፋት እንዲሸፍን ብታስተምሩት ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ይነግራል፤ እናቱም ከእኔ ይልቅ ልጇን ታምናለች። ለመስቀልም ለዓረፋም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ አራሱን አገላብጦ መሳሙ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ጉንፋን የያዘው እንግዳ ግን እግሩን ይሳመው፥ ፊቱንና እጁን ይተውለት።

ሕፃኑ ወደ ሕክምና መወሰድ ያለበትን ጊዜ ለማወቅ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይበቃል። ሕፃኑ ሳያለቅስ፥ ዝም ባለበት ወይም በተኛበት፥ ሆዱን ገልጣችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ፥ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ፥ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ በዚያኑ ቀን በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፥ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፥ የሚያንቀጠቅጠው፥ ሲቀሰቅሱት በቅጡ የማይነቃ፥ ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ ቆጠራውም አያስፈልግም፤ ሌሊትም ቢሆን ኦክሲጅን ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከቆላው ይልቅ የሳሳ ነው፤ የታመመ ሳንባ ይህን ቶሎ ይሰማዋል። በመንገድ ላይ ሕፃኑን አፍንጫውና አፉ ክፍት ሆኖ፥ ቀና አድርጋችሁ ያዙት፤ በጋቢ ፊቱን አትሸፍኑት።